ሱባኤ የማይገባለት ወገብ

«ወገብዎ ቢሻልዎት መጀመሪያ ምን ይሠራሉ?»

እታገኘሁን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ፊሊጶስ የሚባል ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ከሆሳዕና ወደ አሰላ ተመድቦ የመጣ፣ ሲናገር የማይቸኩል ልጅ። እሷ የሄደችው መርፌ ይታዘዝልኛል ብላ ነበር። ሐኪም ቤት ገብቶ እንዲህ ያለ ነገር የተጠየቀ ሰው ሰምታም አታውቅ። የነጠላዋን ጥለት እያፍተለተለች መሬት መሬቱን ታይ ጀመር። አጠገቧ የቆመችው ልጇ ቢታንያ ቀስ ብላ፣ መልሺለት እንጂ እማ፣ አለቻት። እታገኘሁ ወደ ጣሪያው አየት አድርጋ፣ እሱ ያውቃል፣ ብላ ነገሩን ለፈጣሪ ተወችው።

እውነቱን ለመናገር መልሱ ጠፍቷት አልነበረም። ወገቧ ከተሻላት ቢታንያ ትሄዳለች። ይህንን ከልጇ ፊት እንዴት አድርጋ ትናገረው?

ባሏ ከሞተ ወዲህ እታገኘሁ ልጇን ያሳደገችው በሶ እየሸጠች ነው። ገብሱን ከገበያ ትገዛለች፤ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ትቆላለች፣ ታስፈጫለች። አንድ ቀን ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ላይ አንዳች ነገር ቀጭ አለና እዚያው ጆንያው ላይ ተደፋች። ያ ቀን አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ ሌላም ተደገመ፤ ሕመሙ ግን አለ። ራጅ ስትነሳ «ዲስክሽ ተንሸራቷል» ተባለች። ዲስክ ምን እንደሆነ የነገራት ስላልነበረ በራሷ ሐሳብ ሳህን አደረገችው፤ ከአከርካሪዋ መካከል ሾልኮ የወጣ፣ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ አንድ ቀን ጎንበስ ስትል ወድቆ የሚሰበር ሳህን። ከዚያ በኋላ መራመዷ እንኳ አፉ ድረስ የሞላ እንስራ እንደ ተሸከመች ሴት ሆነ። የሰፈሩ ሰው ስሟን ሲጠራ «እታገኘሁ ወገቧ» ማለት ለመደ።

በእድሩም የእሷ ነገር ተለይቶ ተቀምጧል። ለቅሶ ሲደርስ ሌሎቹ ሴቶች ሽንኩርት ሲልጡ፣ ውኃ ሲያመላልሱ፣ ለእሷ መደገፊያ ያለው ወንበር ይወጣላታል። ተራዋን ቢታንያ ትሠራለች። ጎረቤቷ አልጣሽ የእድሩ ሴቶች አስተባባሪ ነች፤ እንዲህ እያለች ሰዉን ታስቅባታለች፦ «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪልን። ተሰብረሽ በለቅሶ ላይ ለቅሶ እንዳታመጪብን።» እታገኘሁም አብራ ትስቃለች። ወንበሩን ግን እየጠላችው መጥታ ነበር።

ቢታንያ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃለች። አምና ሮቤ ምደባ ደርሷት ነበር፤ እናቴን ጥዬ አልሄድም ብላ ቀረች። ዘንድሮ ደግሞ አቦምሳ ካለ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ሰኔ ሳያልቅ ሄዳ ሥራ ካልጀመረች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ከዚህ በኋላም ሦስተኛ ዕድል ይመጣል የሚል ሰው የለም። ቢታንያ ለመሄድም ለመቅረትም አፏን ሞልታ አልተናገረችም። አልጋዋ ሥር ያለውን ሻንጣ ግን አንዳንድ ልብስ እያጣጠፈች ትከትበት ነበር። እታገኘሁ ቤት ስትጠርግ ሻንጣውን ታየዋለች። እንዳላየች ሆና ታልፋለች።

ፊሊጶስ በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሦስት እንቅስቃሴ አሳያት። አንዱ በጀርባ ተንጋሎ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከወለል ማንሳት ነው። ሁለተኛው በእጅና በጉልበት ሆኖ ጀርባን እንደ ድመት ማጉበጥና መልሶ ማርገብ። ሦስተኛው እጅን ሳያስደግፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። ጠዋት አስር፣ ማታ አስር ጊዜ ይበቃል፣ ቀስ እያልን እንጨምራለን፣ አላት።

አስር ለእታገኘሁ ከቁጥር አልገባም። ደግሞ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እሷ የምታውቀው መዳኛ መንገድ አንድ ነው፦ በር ይዘጋል፣ ይጾማል፣ ይሰገዳል፣ ሰባት ቀን ሲሞላ ይወጣል። ስለዚህ ለቢታንያ ሱባኤ ገብቻለሁ ብላ ጓዳዋን ዘጋችና የእናቷን መቁጠሪያ ከግድግዳው አወረደች። መቀመጫዋን ባነሳች ቁጥር አንድ ፍሬ ታሳልፋለች። መቁጠሪያው ዞሮ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እንቅስቃሴ ትሸጋገራለች፤ ያም እንደገና መቁጠሪያው እስኪያልቅ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃም አትቀምስም። ላብ በጀርባዋ ሲወርድ ሕመሙ እየወጣላት መሰላት።

ሱባኤው ግን ሰባት ቀን አልሞላም። አንድ ጠዋት መቀመጫዋን አነሳለሁ ስትል ወገቧ በእሳት የተነካ ያህል ነደደና ከወለሉ መነሳት አቃታት። መጮህ አፍራ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። በመጨረሻ ቢታንያ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና፣ እናቷን ከነመቁጠሪያዋ ተንጋልላ አገኘቻት።

ቢታንያ እናቷን ደግፋ አልጋ ላይ አወጣቻት፤ ትኩስ ጨርቅም አደረገችላት። ከዚያ ወደ ራሷ ክፍል ሄዳ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። እታገኘሁ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ዚፑ ሲከፈት፣ የቁምሳጥኑም በር ሲጢጥ ሲል ሰማች። ልብሶቹ ወደ ቦታቸው እየተመለሱ ነው።

«ነገ ደውዬ አልመጣም እላቸዋለሁ» አለች ቢታንያ ከወዲያ ማዶ። የተቆጣችም ያዘነችም አትመስልም ነበር።

እታገኘሁ ያን ጊዜ እፎይታ ተሰማት። ልጄ ልትቀር ነው፣ ብቻዬን አላድርም፣ ብላ ደረቷ ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ ያ ቅለት ራሱ አስደነገጣት። ልጄን በወገቤ አስሬ ላስቀራት ነው እንዴ፣ ብላ አሰበች። ይህንን አስባ መተኛት አልቻለችም። ልጇን ጠርታ፣ ያ ልጅ አንዴ ይየኝና፣ እስከዚያ አትደውዪ፣ ብላ ለመነቻት።

ፊሊጶስ ጋ ስትሄድ ሳህኑ ወድቆ ተሰብሯል እንደሚላት እርግጠኛ ነበረች። ቢታንያን ከውጭ አስቀርታ ብቻዋን ገባች። እሱ ግን ጎንበስ ቀና አስብሎ፣ እግሯን አንስቶ፣ በጣቱ እዚህም እዚያም ተጭኖ አያትና ስንት ጊዜ ሠሩ፣ ብሎ ጠየቃት። እታገኘሁ መቁጠሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና፣ ከወገቤ የተንሸራተተው ሳህን ወድቆ ተሰበረ ወይ፣ አለችው።

ፊሊጶስ መቁጠሪያውን አየ፣ እሷን አየ። ሳቁን እንደ ዋጠ ያስታውቃል። ፍሬዎቹን በክብር ሰብስቦ መለሰላትና እንዲህ አላት፦

«እናቴ፣ የተሰበረ ነገር የለም። የሚወድቅ ሳህንም የለም። ወገብዎ ብዙ ዘመን ሥራ ፈቶ ኖረ፤ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ሲጭኑበት ጊዜ ደንግጦ ጮኸ። ጮኸ ማለት ግን ተጎዳ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ሰባት ቀን እንኳ ካልቻለ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም። ፊት እንደ መታጠብ ነው። ትናንት ታጥቤያለሁ ብሎ ዛሬ የሚተው አለ?»

እታገኘሁ ይህንን ስትሰማ መከፋት የነበረባት ይመስላል፤ እሷ ግን ትንፋሿ መለስ አለላት። የተሰበረ ነገር የለም የሚለውን ቃል ነው የያዘችው። ቆይታ፣ ጎንበስ ብልም አልሰበርም ወይ፣ ብላ ጠየቀችው። አይሰበሩም አላት። ደግማ ጠየቀችው፤ እሱም ደግሞ ነገራት። ከዚያ ያን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና ሲያነሳባት መሬት መሬቱን አላየችም።

«ብድን ልጄ ትሄዳለች» አለችው።

«ባይድኑስ?»

«ባልድን ትቀራለች።»

«የቱ ይሻልዎታል?»

«ሁለቱም።»

ይህን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ። ፊሊጶስ፣ እንግዲያው የልጅዎን ነገር ለልጅዎ እንተውና ለራስዎ ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ይንገሩኝ፣ አላት። እታገኘሁ ብዙ ሳታስብ ስለ ወንበሩ ነገረችው። ለቅሶ ቤት ሁሉም ሲሠራ እሷ እንደ እንግዳ ተጎልታ እንደምትውል፣ የሰው ሐዘን ላይ ሄዳ ለራሷ ታዝኖላት እንደምትመለስ ነገረችው። ከዚያ ወንበር ተነስታ እንደ ሰው መሥራት ትፈልጋለች። እሱም ይህንን ሲሰማ ሥራውን ወደዚያው አዞረው፤ ከወንበር መነሳቱን አስቀደመ፣ ትንሽ ትንሽ ሸክም ይዞ መራመድንም ጨመረበት። ለብቻዎ በር ዘግተው ግን አይሥሩ፣ ሰው ይኑር፣ አላት። የትኞቹ ሰዎች እንደሚሻሉ ሲጠይቃት ወደ አእምሮዋ የመጡት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው።

እታገኘሁ ፊደል መቁጠር የጀመረችው በጎልማሳነቷ ነው። ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሰፈሩ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለእነሱ ይከፈታል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ወገቧን ስለሚያማት እሷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነው የምትማረው። አጠገቧ የምትቀመጠው ነቢላ የወተት ላሞች ያሏት፣ አማርኛዋ መሐል ኦሮምኛ ጣል የምታደርግ ሴት ናት። የእሷም ወገብ ጤና የለውም። እታገኘሁ ሐሳቧን ስታካፍላት ነቢላ ዓይኗን አፈጠጠች።

«አዴ እታገኘሁ፣ ላም ሳልብ ጎንበስ፣ እበት ስዝቅ ጎንበስ። ደግሞ እዚህ መጥቼ ልጎንበስልሽ?»

ይሁን እንጂ በማግስቱ የተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት በክንዷ ሸጉጣ የመጣችው እሷው ናት። ሌሎች ሴቶችም ወገባችን፣ ጉልበታችን እያሉ ተጨመሩ። መምህራቸው እንደሻው ነገሩ ሲነገረው ትንሽ ግራ ተጋባ፤ ከዚያ ትምህርቱ ሳይጀመር ለእነሱ ጊዜ ሊተውላቸው ተስማማ። ሴቶቹ ዴስኩን ገፋ ገፋ አድርገው ወለሉ ላይ ከረጢታቸውን ሲያነጥፉ እሱ ከውጭ በሩን ዘግቶ ይቆማል፤ በመስኮት ሊያዩ የሚንጠላጠሉ የሰፈር ልጆችን ያባርራል። ነቢላ ከውስጥ፣ መምህር አንተም ብትገባ ነው የሚሻልህ፣ ቆመህ ወገብህ ያልቃል፣ እያለች ታሾፍበታለች።

ፊሊጶስ ከሥራ ሲወጣ አንድ ሁለቴ ጎራ ብሎ አይቷቸዋል። ነቢላ በጀርባዋ ስትተኛ ሕመሙ እንደሚብስባት ሲያይ ያንን አስተዋትና በምትኩ ቆማ የምትሠራውን ሰጣት፤ ከላሞቿ ጋር መራመዱንም አብዝታ እንድትቀጥል ነገራት። ለእታገኘሁ ሸክሙን ከፍ አደረገላት። እሷም ትንሽ ገብስ በከረጢት ይዛ በክፍሉ ርዝመት መመላለስ ጀመረች፤ ያ ሲቀላት አንድ ጣሳ ትጨምርበታለች።

አልጣሽም ወሬውን ሰምታ መጣች። ከወለል ስትነሳ እየሳቀችና እየተሳደበች ጥቂት ቀን ሠራች። ከዚያ ወለል ለማየት ከሆነ የእኔም ቤት ወለል አለው፣ ብላ መርፌ የሚወጋትን ሰው ፍለጋ ሄደች።

ሁልጊዜ ደህና ነበር ማለት አይደለም። የበልጉ ዝናብ ቀንና ሌሊት በጣለ ሰሞን እታገኘሁን ወገቧን ያዛትና ከቤት መውጣት አስጠላት። ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣ ሳለች ነቢላ ጃንጥላ ይዛ ከበሩ ላይ ተጣራች። አሞኛል ብትላት፣ እኔንም አሞኛል፣ አንቺ ካልመጣሽ የኔም ወገብ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ አለቻት። እታገኘሁ ያፈረችው ለነቢላ ወገብ ነው፤ ተነሳች። ያን ቀን ትንሽ ብቻ ሠርታ፣ ይበልጡን ጊዜ ተራምዳ ተመለሰች። በማግስቱ ሕመሙ እንደ ድሮው አልጋ ላይ አላስቀራትም። ይህንን ስታይ ብቻዋን ሳቀች።

ቢታንያ ይህን ሁሉ ታያለች። አልመጣም ብላ አልደወለችም። ልብሱም ወደ ሻንጣው አልተመለሰም። እናቷ ከዚህ በፊትም ተሽሎኛል ብላ መልሳ ወድቃለች፤ በዚያ ላይ ሰኔ ገብቷል።

በሰኔ መሐል አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ አረፉና እድሩ ለቅሶ ወጣ። እንደ ልማዱ ቢታንያ የእናቷን ተራ ልትሠራ ቀድማ ደረሰች። አልጣሽ የእድሩን ዕቃ ቤት ከፍታ አግዳሚዎቹ ወደ ድንኳኑ እንዲወሰዱ እያዘዘች ነበር። ቢታንያ ረጅሙን አግዳሚ በአንደኛው ጫፍ ይዛ ሌላ ሰው ልትጠራ ስትል ወዲያኛው ጫፍ ከመሬት ተነሳ። ቀና ብላ አየች። ነጠላዋን በወገቧ የታጠቀች እናቷ ናት።

«ያዥ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?» አለቻት እታገኘሁ።

አልጣሽ እጇን እያወናጨፈች መጣች። ኧረ ተይ፣ ወንበርሽ ተዘጋጅቷል፣ አለች። እታገኘሁ አግዳሚውን ሳትለቅ፣ ለወንበሩ ሌላ በሽተኛ ፈልጊለት፣ ብላት አለፈች። ለቅሶ ቤት ስለሆነ ሰው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። እናትና ልጅ አግዳሚውን ድንኳኑ ውስጥ አኖሩና ሌላ ሊያመጡ ተመለሱ። ቢታንያ በመንገድ ላይ እናቷን በጎን እያየች፣ አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትወድቃለች ስትል ዋለች። እታገኘሁ አልወደቀችም። ሽንኩርትም ልጣለች፤ ዕቃም አጥባለች፤ ሲደክማት ዐረፍ ብላለች። ማንም እንዳታርፍ አልከለከላት፤ ሌሎቹም ሲደክማቸው ያርፋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከአልጋዋ የተነሳችው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው። ቢታንያ ከበሩ ሆና አየቻት።

«ይኸው፣ አመመሽ።»

«አዎ፣ አሞኛል» አለች እታገኘሁ። መዋሸት ትችል ነበር፤ ግን አልዋሸችም። «ትናንት ስሠራ ውያለሁ፤ ያመኛል። ከሰዓት ልምምዴን ስሠራ ይለቀኛል። አንቺ ሻንጣሽን አውጪ።»

«እያመመሽ ጥዬሽ ልሂድ?»

«ሳያማት ነው የምሄደው ብለሽ ከጠበቅሽ እዚሁ ጡረታ ትወጫለሽ።»

ቢታንያ ሳትፈልግ ሳቀች። ከዚያ ወዲያው ዓይኗን እንባ ሞላውና ወደ እናቷ አልጋ መጥታ ተቀመጠች። አንቺስ ብቻሽን፣ ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። እታገኘሁ ብቸኝነቱን እንደምትፈራው ነገረቻት። ባለፈው ልጇ ልብሷን ወደ ቁምሳጥኑ ስትመልስ ሰምታ ደስ ብሏት እንደነበርም ነገረቻት። ቢታንያ የእናቷን እጅ ያዘች፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ መሄድ እፈራ ነበር፣ አለች። እናትና ልጅ እንደዚህ ተቀምጠው ሳለ ከውጭ የነቢላ ድምፅ ወተት ይዛ መምጣቷን አሰማ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሥራ በሥራ ሆነ። እታገኘሁ ስለ አቦምሳ የሰማችውን ሁሉ ስትደረድር ዋለች፤ ሙቀቱን፣ ትንኙን፣ ውኃውን። አጎበር ያዢ፣ ሙቅ ነው ብለሽ ደጅ አትተኚ፣ ምጥ የመጣባት ሴት ስታዋልጂ ራስሽ ሳትበዪ እንዳትውዪ፣ አለቻት። ቢታንያ እሺ እሺ እያለች ሻንጣውን ሞላች። የበሶው ሥራ እንዳይቆም ገብሱን ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ባለ ጋሪ ተነጋገሩ። እታገኘሁ እንደዚያ ሰሞን ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም፤ ልጇ ልትሄድ ስትል እንቅልፍ አጣለሁ ብላ ስትፈራ ከርማ ነበር።

መነኻሪያ የሄዱት አንዲት ጭጋጋማ ጠዋት ነው። ሻንጣውን በሁለት በኩል ይዘው ሄዱ። ቢታንያ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት እጇን ስታወጣ እታገኘሁ አላለቀሰችም፤ በኋላ ለነቢላ ስትነግራት እኔም ገርሞኛል አለቻት። ሚኒባሱ ከዓይኗ ሲሰወር ለመመለስ ጋሪ አልጠራችም። ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። መሐል ላይ ወገቧ ቀጭ አለ፤ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ ቀጠለች።

ክረምቱ ጠንክሮ ሲገባ ትምህርቱ ተዘጋ፤ ሴቶቹ ግን ከረጢታቸውን ይዘው ወደ ነቢላ የጭድ ቤት ተዛወሩ። ፊሊጶስ ዝውውር ደርሶት ወደ ሆሳዕና ሄደ። አልጣሽ አልተመለሰችም፤ ለእድሩ አዲስ በሽተኛ አግኝታ ወንበሩን ሰጥታታለች። ቢታንያ አቦምሳ ነች። በጭድ ቤቱ ከረጢት የሚያነጥፉት እታገኘሁ፣ ነቢላና ሌሎች ሦስት ሴቶች ናቸው።